ጌም ለሚጫወት ቤት ራውተር እንዴት ይመረጣል? ከመለካት እስከ መግጠም

ፒንግ (ዳታ ሰርቨር ደርሶ ለመመለስ የሚወስደው ጊዜ) ሲያስቸግር ብዙ ሰው ቀድሞ የሚሮጠው አንቴናው የበዛ ውድ ራውተር ለመግዛት ነው። ገዝቶ ሲሰካው ግን ያው ነው። ተኩሱ ይዘገያል፣ ፓሱ ሌላ ቦታ ይሄዳል፣ ተጫዋቹ በቆመበት ይደርቃል። ጌም የሚፈልገው ትልቅ ፍጥነት ስላልሆነ ነው። አንድ የኦንላይን ጨዋታ እየሄደ ሳለ የሚወስደው ዳታ በአብዛኛው ከ1 ሜጋ ቢት በሰከንድ በታች ነው። የሚፈልገው ያቺ ትንሽ ዳታ ሳትጠፋና ሳትዘገይ በሰዓቷ እንድትደርስ ነው።

ስለዚህ መዘግየቱ የት ላይ እንዳለ ሳታውቁ ብር አታውጡ። ደረጃዎቹንም አትዝለሉ። ገና ደረጃ 3 ላይ ሳላችሁ ራውተር መግዛት እንደማያስፈልጋችሁ ልታውቁ ትችላላችሁ።

## ደረጃ 1፦ ችግሩ የት እንዳለ ለኩ

ላፕቶፕ ያስፈልጋል። ከሌላችሁ ለአንድ ምሽት ተዋሱ። ልኬቱን ሁሉም ሰው ቤት ገብቶ ዋይፋይ በሚጠቀምበት ሰዓት አድርጉት። ረፋድ ላይ ለክታችሁ «ኔቱ ደህና ነው» ብትሉ ራሳችሁን ነው የምታታልሉት።

1. ላፕቶፑን ጌም የምትጫወቱበት ቦታ አስቀምጡና ከዋይፋዩ ጋር አገናኙት።
2. በዊንዶውስ «ኮማንድ ፕሮምፕት»ን ክፈቱ። ፒንግ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ። ክፍተት ስጡና የሞደማችሁን አድራሻ አስገቡ። አሁንም ክፍተት ሰጥታችሁ ሰረዝና «ቲ» የሚለውን ፊደል አስከትሉ፤ ከዚያ «ኢንተር»ን ተጫኑ። የሞደሙ አድራሻ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.100.1 ነው። ሞደሙ ሥር የተለጠፈው ወረቀት ላይ ታገኙታላችሁ።
3. ሁለተኛ መስኮት ክፈቱና በዚያው መንገድ 8.8.8.8ን ፒንግ አድርጉ። ይህ የጉግል አድራሻ ነው፤ ከቤት ውጪ ያለውን መንገድ ያሳያችኋል።
4. ሁለቱን መስኮቶች ጎን ለጎን አድርጋችሁ አምስት ደቂቃ ያህል ተከታተሉ።
5. አሁን ከቤተሰብ አንዱ በቴሌግራም ትልቅ ቪዲዮ እንዲልክ ጠይቁ። ቪዲዮው እስኪያልቅ ድረስ ዓይናችሁን ከቁጥሮቹ ላይ አታንሱ።
6. ላፕቶፑን በኬብል ከሞደሙ ጋር አገናኙና ዋይፋዩን አጥፍታችሁ ሁሉንም ድገሙት።

ለማቆም ኮንትሮልንና «ሲ»ን አንድ ላይ ተጫኑ።

### ውጤቱ ምን ይላል?

የሞደሙ ፒንግ በዋይፋይ ጊዜ አንዴ 2፣ አንዴ 90፣ አንዴ 200 ሚሊ ሰከንድ እያለ የሚዘል ከሆነ፣ በኬብል ጊዜ ደግሞ ከ1 ፈቅ የማይል ከሆነ፣ ችግሩ ዋይፋዩ ነው። ይህ በቦታ ለውጥ፣ በኬብል ወይም በተሻለ ራውተር ይፈታል።

የሞደሙ ፒንግ በኬብል ጸጥ ብሎ፣ የጉግሉ ግን ቪዲዮው መላክ ሲጀምር የሚያሻቅብ ከሆነስ? ለምሳሌ 62፣ 63፣ 61 ሲል የነበረው 340፣ 610፣ 590 ይሆናል፤ ቪዲዮው ሲያልቅ ደግሞ ወዲያው ወደ 62 ይመለሳል። ይህ ወረፋ ነው። ሞደሙ የሚላከውን የቪዲዮ ዳታ ውስጡ አጭቆ ይይዛል፤ የእናንተ ጌም ዳታም ከኋላ ተሰልፋ ትጠብቃለች። ብዙ ቤት ውስጥ ላግ የሚያመጣው ይኸው ወረፋ ነው። ብዙ ሰውም የማያውቀው ይህንኑ ነው። ትክክለኛ ራውተር ልዩነቱን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው እዚህ ላይ ነው።

ማንም ሳይጠቀም፣ በኬብል ሆናችሁም የጉግሉ ፒንግ የሚዘል ከሆነ ወይም «ታይምድ አውት» የሚል መልእክት ከበዛ፣ ችግሩ ከቤት ውጪ ያለው መስመር ነው። የትኛውም ራውተር አያስተካክለውም። ለአገልግሎት ሰጪያችሁ ደውሉ፤ የኢትዮ ቴሌኮም መስመር ከሆነ 994 ነው። ስትደውሉ «ኔት ቀርፋፋ ነው» ከማለት ይልቅ የለካችሁበትን ሰዓትና ቁጥር ንገሯቸው።

ፒንጉ ሳይዋዥቅ ከፍ ብሎ ከቆመ ደግሞ ምክንያቱ በአብዛኛው ርቀት ነው። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ደርሶ መልስ ሲሰላ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በላይ በመንገድ ብቻ ይሄዳል። ኬብሉ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ጎረቤት አገር ወደ ባሕር ወርዶ፣ በባሕር ሥር ዞሮ ነው አውሮፓ የሚገባው። ይህን ራውተር አያሳጥረውም። ጌሙ ሰርቨር የሚያስመርጥ ከሆነ የመካከለኛው ምሥራቅንና የአውሮፓን ሁለቱንም ሞክሩና ዝቅተኛውን ያዙ።

## ደረጃ 2፦ ቤታችሁ የገባውን መስመር እወቁ

ይህን ሳያረጋግጡ መግዛት ብዙ ሰው ያከስራል።

ፋይበር ከሆነ፦ ግድግዳ ላይ ቀጭን ኬብል የገባበት ነጭ ሳጥን አለ፤ ኦኤንቲ ይባላል። ይህ ሳጥን አይነሳም፣ አይቀየርም። የምትገዙት ራውተር ከእሱ ጀርባ ነው የሚገባው። ፋይበሯን ከሳጥኑ አትንቀሉ፣ አታጥፏት፣ ጫፏንም በእጅ አትንኩ።

የስልክ ሽቦ ከሆነ፦ ያላችሁን የዲኤስኤል ሞደም አቆዩትና አዲሱን ራውተር በኬብል አስከትሉለት። ብዙዎቹ አዳዲስ ራውተሮች የስልክ ሽቦ መሰኪያ የላቸውም።

በሲም ካርድ የሚሠራ ከሆነ፦ የፒንጉ መዋዠቅ በአብዛኛው ከአንቴናው ማማ ጋር ይያያዛል። ሰፈሩ ሲጨናነቅ ፒንጉም ይጨናነቃል። ራውተሩን ማማው ወዳለበት መስኮት አስጠግቶ መሞከር ይረዳል። ከዚያ በላይ ግን ለራውተር የምታወጡትን ብር ፋይበር ለማስገባት ብታውሉት ይሻላል እላለሁ።

## ደረጃ 3፦ ኬብል ይደርሳል ወይ?

ጌሙ በኮምፒውተር ወይም በፕሌይስቴሽን ከሆነ ራውተር ከመጠየቃችሁ በፊት ከሞደሙ እስከ ቴሌቪዥኑ ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ። ከ100 ሜትር በታች ከሆነ «ካት 5ኢ» ወይም «ካት 6» ኬብል ያለ ችግር ያደርሳል። የደረጃ 1 ልኬታችሁ «ችግሩ ዋይፋዩ ነው» ካለ ደግሞ ኬብል ብቻ ገዝታችሁ ጨርሱ።

ኬብል ስትገዙ ጫፉን ላጥ አስደርጋችሁ ሽቦውን በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ውስጡም ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ላዩ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጣ ካለ በመዳብ የተለበጠ አልሙኒየም ነው፤ ርካሽ ነው፣ ግን ቶሎ ይሰበራል። ኬብሉን በበር ሥር ካሳለፋችሁ በፕላስቲክ መሸፈኛ ሸፍኑት። ከኤሌክትሪክ መስመር ጋርም አንድ ቱቦ ውስጥ አታስገቡት።

ጌማችሁ በስልክ ከሆነ፣ ፐብጂ ሞባይልም በሉት ፍሪ ፋየር፣ ኬብል ብዙም አይመችም። ለእናንተ ዋናው ነገር ከራውተሩ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ሆኖ በ5 ጊጋኸርዝ (ከሁለቱ የዋይፋይ ባንዶች ሰፊው፤ ደረጃ 4 ላይ አለ) መጫወት ነው።

## ደረጃ 4፦ የራውተሩ ካርቶን ላይ ምን ትፈልጋላችሁ?

«ጌሚንግ» የሚለውን ጽሑፍ፣ ቀይ መብራቱንና የአንቴናውን ብዛት እርሷቸው። «ኤሲ 1200» የሚለው ቁጥርም አያታልላችሁ። 300ና 867 ተደምረው፣ ወደ ላይ ተጠጋግተው የወጡ ናቸው፤ አንድ ስልክ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አያገኝም። እነዚህን ፈልጉ፦

ወረፋ የሚያስተካክል ሶፍትዌር። የደረጃ 1 ልኬታችሁ ወረፋ ካሳየ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋችሁ ይህ ነው። ስሙ «ኤስኪውኤም» ነው። አንዳንድ ራውተር ላይ «ኬክ» ወይም «ኤፍኪው ኮዴል» ተብሎ ይገኛል። ተራው «ኪውኦኤስ» ለእያንዳንዱ ስልክ የፍጥነት ጣሪያ የሚያበጅ ብቻ ሊሆን ይችላል። እሱም ከምንም ይሻላል፤ የሚጭነውን ሰው ትገድቡበታላችሁ። ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ይህን ከየት ታገኙታላችሁ? የማይክሮቲክ ራውተሮች፣ ለምሳሌ «ሃፕ ኤኤክስ 2»፣ ኬክን ይዘው ይመጣሉ። ጥሩ ዕቃ ናቸው፤ ለጀማሪ ግን ሴቲንጋቸው ይከብዳል፤ የሚያውቅ ሰው ከጎናችሁ ይኑር። ጂኤል አይኔት የሚባሉት ደግሞ ኦፕን ደብሊውአርቲ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ላይ የተሠሩ ናቸው፤ አያያዛቸው ቀለል ይላል። ሦስተኛው መንገድ ኦፕን ደብሊውአርቲን የሚቀበል ተራ ራውተር ገዝቶ ራስ መጫን ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። አንድ ዓይነት ስም ያለው ራውተር በቨርዥን 2 እና በቨርዥን 4 መካከል ውስጡ ሌላ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ቨርዥኑ ራውተሩ ሥር ባለው ስቲከር ላይ «ቪ» ከሚለው ፊደል ቀጥሎ ተጽፏል። እሱን ከኦፕን ደብሊውአርቲ ዝርዝር ጋር ሳታመሳክሩ አትግዙ።

ሁለት ባንድ። 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ ሁለቱም ይኑሩት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ዋይፋያችሁን ስትከፍቱ የሚታየው የጎረቤት ስም ዝርዝር በአብዛኛው 2.4 ላይ የተጨናነቀ ነው። 5 ጊጋ ሰፊ ነው፤ ግን ብሎኬትና ኮንክሪት ሲያጋጥመው ይደክማል። አንድ ግድግዳ ቢያልፍ ነው፤ ሁለተኛውን አትመኑት።

የመሣሪያችሁ አቅም። የመጀመሪያው ፒኤስ 4 የሚያውቀው 2.4ን ብቻ ነው፤ ለእሱ ብሎ ውድ ዋይፋይ 6 መግዛት ብር መበተን ነው። ፒኤስ 4 ስሊምና ፕሮ 5 ጊጋን ይይዛሉ። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስና ኤክስ ዋይፋይ 5 ናቸው። ፒኤስ 5 ዋይፋይ 6ን ይደግፋል።

የኬብል ፖርት። «10/100» ካለ ጣሪያው 100 ሜጋ ነው፤ «10/100/1000» ካለ ጊጋቢት ነው። ከቲፒ-ሊንክ አርቸር ሲ50 የመጀመሪያው ዓይነት ነው፣ አርቸር ሲ6 ሁለተኛው። መስመራችሁ 50 ሜጋ ከሆነ 10/100 ለጌሙ ይበቃል። ወደፊት ፍጥነት ለመጨመር ካሰባችሁ ግን ጊጋቢቱን ውሰዱ።

መብራት። 12 ቮልት የሚበላ ራውተር ምረጡ፤ ለራውተር ተብለው የሚሸጡ ብዙዎቹ ትንንሽ ዩፒኤሶች ለእሱ የተሠሩ ናቸው። የዩፒኤሱ ቮልት ከራውተሩ ጋር እኩል፣ አምፔሩ ደግሞ እኩል ወይም በላይ መሆን አለበት። ሳጥኑንም ራውተሩንም አንድ ላይ የምትሰኩ ከሆነ የሁለቱን አምፔር ደምሩ። የቤት ፋይበር መስመር መንገድ ላይ ያሉት ማከፋፈያዎች መብራት አይፈልጉም፤ ስለዚህ ሁለቱን ዕቃዎች በዩፒኤስ ከያዛችሁ መብራት ሲሄድም ኢንተርኔቱ ሊቀጥል ይችላል። ፖርቱ ስለገባ ብቻ 9 ቮልቱን ራውተር 12 ላይ አትሰኩ፤ ይቃጠላል።

## ደረጃ 5፦ ሱቅ ውስጥ

1. ማሸጊያውን አስከፍቱና የራውተሩን ስቲከር አንብቡ። ካርቶኑ ላይ ያለው ቨርዥንና ራውተሩ ሥር ያለው አንድ ይሁኑ።
2. ቻርጀሩ ላይ «100-240» የሚል መኖሩን አረጋግጡ።
3. አሰክታችሁ በስልካችሁ 5 ጊጋውን ፈልጉት፤ ተገናኙም።
4. ያገለገለ ከሆነ የሪሴት ቀዳዳዋን በመርፌ 10 ሰከንድ ያህል ተጫኑና ከዚያ ሴቲንጉ ውስጥ ግቡ። አሁንም የድሮ ባለቤቱን ፓስወርድ ከጠየቀ አትግዙት።
5. ዋስትናውን በደረሰኝ ተቀበሉ።

ከውጭ ለምታስመጡ፦ ይህን መልእክት ዕቃውን ለሚይዝላችሁ ሰው ላኩለት። አሜሪካ ውስጥ «ኬብል ሞደም ራውተር» ተብሎ የሚሸጠው ለቴሌቪዥን ኬብል መስመር የተሠራ ነው። ክብ፣ የሚጠመዘዝ መሰኪያ አለው። በእኛ ፋይበርና የስልክ ሽቦ ላይ አይሠራም። የሚያስፈልገው «ዋን» የሚል፣ ኢንተርኔቱ የሚገባበት የኔትወርክ ኬብል ፖርት ያለው ራውተር ብቻ ነው። ከዓረብ አገር የሚመጣ የሲም ራውተር ደግሞ ለአንድ ድርጅት የተቆለፈ እንዳይሆን አስጠይቁ።

## ደረጃ 6፦ መግጠም

ዘና ያለ ሰዓት ምረጡ። ጨዋታ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀር አትጀምሩ።

1. የሳጥኑን (የስልክ ሽቦ ከሆነ የዲኤስኤል ሞደሙን) ጀርባ ከነኬብሎቹ ፎቶ አንሱ።
2. ሳጥኑን ሪሴት አታድርጉ። ውስጡ ያለው የመስመራችሁ ስምና ፓስወርድ ይጠፋል፤ ቴክኒሻን እስኪመጣም ያለ ኢንተርኔት ትቀመጣላችሁ። ማጥፋትና ማብራት ሌላ፣ ሪሴት ሌላ ነው።
3. ከሳጥኑ «ላን 1» ወደ አዲሱ ራውተር «ዋን» ፖርት ኬብል ሰኩ። ወደ ሌላው ፖርት ከሰካችሁት አይሠራም።
4. በላፕቶፕ፣ በኬብል ሆናችሁ ወደ አዲሱ ራውተር ግቡ። አድራሻው ከሳጥኑ ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ይጋጫሉ፤ የራውተሩን ወደ 192.168.50.1 ቀይሩት።
5. ሶፍትዌሩን አድሱ። በኬብልና በዩፒኤስ አድርጉት። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ራውተሩ ላይነሳ ይችላል።
6. ራውተሩ «ራውተር ሞድ» ላይ ይሁን። «አክሰስ ፖይንት» ላይ ካደረጋችሁት ወረፋ ማስተካከያው አይሠራም፤ ዳታው በእሱ ውስጥ እየተመራ አያልፍምና።
7. የሳጥኑን ዋይፋይ አጥፉ። አንድም ስልክ በሳጥኑ በኩል ከቀረ ወረፋው ተመልሶ ይመጣል።
8. ለ2.4 እና ለ5 ጊጋ የተለያየ ስም ስጡ። የጌም መሣሪያችሁን 5 ጊጋው ላይ ብቻ አስቀሩት፤ ሌላውን እንዲረሳ አድርጉት። 2.4ን ቻናል 1፣ 6 ወይም 11 ላይ፣ ስፋቱን 20 ላይ አድርጉ። 5 ጊጋን ቻናል 36 ላይ አስቀምጡ። ከ52 እስከ 144 ያሉት ቻናሎች ከራዳር ጋር የሚጋሩ ናቸው። ራውተሩ ራዳር የሰማ ከመሰለው በጨዋታ መሃል ቻናል ይቀይርና ትቋረጣላችሁ።
9. ወረፋ ማስተካከያውን አብሩ። ፍጥነታችሁን በምሽት፣ በኬብል፣ ደጋግማችሁ ለኩና ዝቅተኛውን ውሰዱ። ከእሱ 90 በመቶውን አስገቡ። 50 ሜጋ አውርዶ 10 ሜጋ የሚልክ መስመር ከሆነ 45,000ና 9,000 ኪሎ ቢት ይሆናል። ይህን ማድረግ ከፍጥነታችሁ ትንሽ ይወስዳል፤ በምትኩ ወረፋው ከሳጥኑ ወጥቶ በእናንተ ቁጥጥር ሥር ይገባል።
10. የደረጃ 1ን የቪዲዮ ሙከራ ድገሙ። 62 የነበረው 70 ላይ ከቆመ ተሳክቷል። 200 ካለፈ የመላኪያውን ቁጥር በ5 በመቶ ቀንሱና እንደገና ሞክሩ።

ራውተሩን ከፍ አድርጋችሁ፣ ክፍት ቦታ አስቀምጡት። ቡፌ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ ላዩ ላይ ዳንቴል ተሸፍኖ የሚቀመጥ ራውተር ይሞቃል፣ ሲግናሉም ይታፈናል። እናት ዳንቴሉን ከመለሱት ምክንያቱን በደንብ አስረዷቸው፤ ቦታውንም አብራችሁ ምረጡ።

## ሳይሳካ ሲቀር

ከገጠማችሁ በኋላ ኢንተርኔት የለም። በመጀመሪያ የአድራሻ ግጭቱን ተመልከቱ። ቀጥሎ የዋኑ ሴቲንግ «አውቶማቲክ» ወይም «ዳይናሚክ አይፒ» መሆኑን አረጋግጡ። አሁንም ከሌለ ሁለቱንም አጥፉ፤ ሳጥኑን ቀድማችሁ አብሩና መብራቶቹ ሲረጉ ራውተሩን አስከትሉ። ሳጥኑ ላይ «ሎስ» የሚለው ቀይ መብራት ከበራ ፋይበሩ ሲግናል አጥቷል፤ ራውተሩን መነካካት ትታችሁ ደውሉ።

5 ጊጋው አይታይም። ስልኩ ያረጀ ሊሆን ይችላል፤ በሌላ ስልክ ፈልጉ። ቻናሉ ከ52 እስከ 144 ባለው ውስጥ ከሆነ ራውተሩ ሲነሳ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ያዳምጣል፤ ጠብቁ ወይም ወደ 36 መልሱት።

ኤስኪውኤም ካበራን በኋላ ፍጥነቱ በጣም ወረደ። የራውተሩ ፕሮሰሰር አልቻለም ማለት ነው። ቁጥሩን ከፍ ብታደርጉም አይለወጥም። ለመላኪያው ብቻ ተዉትና የማውረጃውን አጥፉ፤ ብዙ ጊዜ ጌሙን የሚገድለው መላኪያው ነው።

ጌሙ ይገባል፣ ግን ከጓደኛ ጋር አያገናኝም፣ ድምፅም አይሰማም። ኮንሶሉ ላይ የኤንኤቲ ዓይነቱን ተመልከቱ፤ ከውጭ የሚመጣ ግንኙነት ምን ያህል እንደሚገባላችሁ ይነግራችኋል። ፕሌይስቴሽኑ «ዓይነት 3» ካለ ወይም ኤክስቦክሱ «ስትሪክት» ካለ ራውተሩ ላይ ዩፒኤንፒን (ጌሙ የሚያስፈልገውን መግቢያ ራሱ እንዲከፍት የሚያደርገውን ሴቲንግ) አብሩ። ካልበቃ ሳጥኑ ውስጥ ገብታችሁ የአዲሱን ራውተር አድራሻ «ዲኤምዜድ» (ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ ወደ አንድ መሣሪያ የሚመራ ሴቲንግ) ላይ አስገቡ። ከዚያም እምቢ ካለ ሳጥኑ ላይ የዋኑን አድራሻ አንብቡ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ አንድ አድራሻ ከብዙ ደንበኞች ጋር ትጋራላችሁ፤ ቤት ውስጥ የምትከፍቱት ፖርት ፋይዳ የለውም። አገልግሎት ሰጪያችሁን ፐብሊክ አይፒ (የእናንተ ብቻ የሆነ አድራሻ) ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ።

ዋይፋዩ ሌላ ክፍል ውስጥ ይሞታል። ተራ ማራዘሚያ ለጌም አትግዙ፤ አንዱኑ ሲግናል ተቀብሎ መልሶ ስለሚልክ መዘግየት ይጨምራል። ወደዚያ ክፍል ኬብል ሳቡና ሁለተኛ ራውተር ጫፉ ላይ አድርጉ። እሱን «አክሰስ ፖይንት ሞድ» ላይ አስቀምጡት፤ ወረፋውን ዋናው ራውተር ስለሚይዘው እዚህ ላይ ችግር የለውም። የ5 ጊጋ ቻናሉን 36 ሳይሆን 149 ላይ አድርጉት፤ ሁለቱ እንዳይረባበሹ። ስልካችሁ 149ን ካላየው ወደ 44 ውሰዱትና የሁለቱንም ራውተሮች የቻናል ስፋት 40 ላይ አድርጉ።